ኦሊቨርን ማን አበላው?

የአንባቢ ደብዳቤ

«የምኖረው ለንደን ነው። ቀን ሆልበርን አካባቢ ቢሮ አጸዳለሁ፤ ማታ ደግሞ ኮሌጅ ገብቼ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ እማራለሁ። ዘንድሮ የተሰጠን መጽሐፍ የቻርልስ ዲክንስ «ኦሊቨር ትዊስት» ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሆኖም ደራሲው መቼ እንደሚቀልድ፣ መቼ የምሩን እንደሚናገር መለየት አቃተኝ። የጽሑፍ ሥራችን ጥያቄ «ልብ ወለዱ ወንጀልን የሚወልደው ድህነት ነው ይላልን?» የሚል ነው። እኔ «አይልም፤ ወላጅ አልባው ኦሊቨር ተርቦም አልሰረቀም፤ ደራሲው የሚለን የጨዋ ዘር አይበላሽም ነው» ብዬ ልጽፍ ስል አብራኝ የምትማር ልጅ ፍጹም ተሳስተሻል አለችኝ። ሌላው ጭንቀቴ፣ ክፍል ውስጥ ድምፃችንን አሰምተን ስናነብ የልጆች ሌቦቹን አለቃ ፌገንን በየመስመሩ «አይሁዳዊው» እያልኩ ማንበብ በጣም ይከብደኛል። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ

ውድ እህታችን፣

የክፍል ጓደኛዎ «ፍጹም» ማለቷ የበዛ ይመስለኛል። ዲክንስ ራሱ እርስዎ ካሰቡት ጋር የሚቀራረብ ነገር ተናግሯል፤ በ1841 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ለወጣው እትም በጻፈው መቅድም፣ በትንሹ ኦሊቨር አማካይነት ሊያሳይ የፈለገው መልካምነት ክፉ ነገር ሁሉ ቢፈራረቅበትም ተርፎ በመጨረሻ ድል እንደሚያደርግ መሆኑን ገልጿል። ስለዚህ መነሻዎ ባዶ አይደለም። ችግሩ ጥያቄው ስለ ልብ ወለዱ ሆኖ ሳለ መልስዎ ስለ አንድ ልጅ ብቻ መሆኑ ነው። ደግሞም ኦሊቨር በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ ያነሰ ለውጥ የሚታይበት ገጸ ባሕርይ ነው፤ በድሆች መካከል ተወልዶ አድጎ እንኳ አንደበቱ የጨዋ ቤት ልጅ አንደበት ነው፤ ይህንንም ብዙ ሃያስያን ነቅፈውታል። ድህነት ሰውን ምን እንደሚያደርገው ለማየት የፈለገ አንባቢ ዓይኑን ከእሱ ላይ አንሥቶ በዙሪያው ባሉት ላይ ማሳረፍ ይኖርበታል።

ይሁን እንጂ ከመጀመሪያው ጥያቄዎ ልነሣ፤ እሱ ካልተፈታ ሌላው አይፈታምና። ተራኪው ባመሰገነ ቁጥር ይጠርጥሩት። በተለይ በመክፈቻዎቹ ምዕራፎች ባለሥልጣንን ሲያወድስ በአሽሙር እየወጋ ነው። ምዕራፍ 2ን ይመልከቱ፤ ወርክሀውስ የሚባለውን የድሆች ቤት የሚያስተዳድሩት የቦርድ አባላት ጥልቅና ፈላስፋ ሰዎች ናቸው ይለናል። እነዚህ ፈላስፎች ቤቱን ሲመረምሩ ተራ ሰው ሊደርስበት ያልቻለውን ምሥጢር ደረሱበት፤ ይኸውም ድሆቹ ቤቱን መውደዳቸው ነው። ቁርሱ፣ ምሳውና እራቱ በነፃ የሚቀርብበት፣ ሥራ የሌለበት መዝናኛ አድርገውታል። ስለዚህ ደንብ ወጣ። ማንም አይገደድም፤ ድሃው በገዛ ፈቃዱ ቤቱ ውስጥ ሆኖ ቀስ በቀስ በረኃብ ማለቅን፣ ወይም ውጭ ሆኖ ቶሎ ማለቅን ይምረጥ። ተራኪው ይህን ሁሉ የሚናገረው ፊቱን ሳያጨማድድ፣ እንደ ቃለ ጉባኤ ነው። እርስዎን ያደናገረዎት የእንግሊዝኛ ችሎታዎ ማነስ አይመስለኝም፤ አሽሙር በሰው ድምፅ ሲሰማ ወዲያው ይታወቃል፣ በወረቀት ላይ ግን ይደበቃል። ስለዚህ መጽሐፉ እንዲነበብልዎ ያድርጉ። የቅጂ መብቱ ካለቀ ረጅም ዘመን ስለሆነው በድምፅ የተቀረጸ ንባብ በነፃ ይገኛል፤ ወደ ሥራ ሲሄዱ አውቶቡስ ላይ የመጀመሪያዎቹን ሰባት ምዕራፎች ያዳምጡ፣ ከዚያም እርሳስ ይዘው ምዕራፍ 2ን ሲደግሙ ባለሥልጣናት የተመሰገኑበትን ቦታ ሁሉ ያስምሩበት። በኋላ ከሌቦቹ አንዷ ናንሲ የልቧን ስትናገር አሽሙሩ ጸጥ ይላል። ተራኪው በማን እንደሚሳለቅ፣ በማንስ ፊት ዝም እንደሚል ማወቅ ለጽሑፍዎ አንድ ራሱን የቻለ ማስረጃ ይሆንዎታል።

የሚሳለቅበት ሕግ እውነተኛ ሕግ ነው። በእንግሊዝ አገር አጥቢያ ማለት ቤተ ክርስቲያን ብቻ አልነበረም፤ ከነዋሪው ግብር ሰብስቦ ድሃውን የሚረዳ የአስተዳደር ክፍልም ነበር። በ1834 የወጣው አዲሱ የድሆች ሕግ ግን ይህን ርዳታ ለማጥበብ ታስቦ የተደነገገ ነበር፤ ጉልበት ያለው ድሃ ርዳታ ከፈለገ ወርክሀውስ ይግባ ተባለ፣ በውስጡ ያለው ኑሮም በውጭ ካለው ዝቅተኛ ሠራተኛ ኑሮ የከፋ እንዲሆን ተደረገ፣ ባልና ሚስትም ተለያይተው እንዲኖሩ ተወሰነ። ልብ ወለዱ በ«ቤንትሊስ ሚሰላኒ» መጽሔት በየወሩ መታተም የጀመረው በየካቲት 1837፣ ሕጉ ከወጣ ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ነው። (ቪክቶሪያ የነገሠችው በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ስለሆነ፣ ይህ የታወቀ «የቪክቶሪያ ዘመን ልብ ወለድ» ሲጀመር ዙፋኑ ላይ የነበሩት አጎቷ ናቸው። መምህሩን ፈገግ ያሰኝ እንደሆነ እንጂ ጽሑፍዎ ውስጥ ባይገባ አይጎድልበትም።)

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ምክሬ አንድ ነው፤ ምግቡን ይከታተሉ። በየምዕራፉ ለኦሊቨር ማን ምን እንዳበላው፣ በምን ፊትስ እንደሰጠው በማስታወሻ ደብተርዎ ይመዝግቡ። በድሆች ቤት በቀን ሦስት ጊዜ ቀጭን የአጃ አጥሚት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ ሽንኩርት፣ እሑድ ግማሽ ዳቦ ይሰጣል። ልጆቹ ከሦስት ወር ረኃብ በኋላ ዕጣ የጣሉት ለምን እንደሆነ ልብ ይበሉ፤ አባቱ ትንሽ ምግብ ቤት የነበረው አንድ ቁመተ ረጅም ልጅ፣ ተጨማሪ ሳህን ካላገኘ አንድ ሌሊት አጠገቡ የሚተኛውን ልጅ እንዳይበላው ስለሰጋ ነው። ዕጣው ለኦሊቨር ደረሰ፣ ጨምሩልኝ አለ፣ ታሠረ፤ ልጁን ለሚወስድ ሰው አምስት ፓውንድ እንደሚሰጥ የሚገልጽ ማስታወቂያም በር ላይ ተለጠፈ። የሬሳ ሣጥን ሠሪው ሶወርቤሪ ሲወስደው ሚስቱ ያቀረበችለት ለውሻው የተቀመጠውን ትርፍራፊ ነው። በሟች እናቱ ላይ የተነገረውን ስድብ መታገሥ አቅቶት በተደባደበ ጊዜም የአጥቢያው ደንብ አስከባሪ ሚስተር በምብል ምርመራ አካሂዶ ፍርድ ይሰጣል፤ ልጁን ያሳበደው ሥጋ ነው፣ አጥሚት ብቻ ብትሰጡት ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር ይላል።

ከዚያ ኦሊቨር ጠፍቶ ወደ ለንደን ይጓዛል። የመንገዱ ዳር ድንጋይ ሰባ ማይል ይላል፤ ወደ 112 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። በሰባተኛው ቀን ማለዳ ባርኔት ደርሶ ደጃፍ ላይ ቁጭ ባለበት ብዙ ሰው አይቶት ያልፋል፤ ቆሞ የጠየቀው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ይህ ልጅ ጃክ ዳውኪንስ፣ በቅጽል ስሙ አርትፉል ዶጀር፣ ኪስ አውላቂ ነው። ዳቦና የአሳማ ሥጋ ገዝቶ አበላው፣ ማደሪያም አለልህ አለው። ማታ ፌገን ቤት ሲገቡ ምድጃው ላይ ቋሊማ ይጠበሳል፤ ሽማግሌው ረጅም ሹካውን እንደያዘ እጅ ይነሣል፣ ለእንግዳው እሳቱ አጠገብ መቀመጫ ይሳብለታል፣ ድርሻውን ይበላል፣ ትኩስ መጠጥ ይሰጠዋል፣ እንቅልፍ ሲጥለው ማንም ሳይመታው ቀስ ተብሎ ተነሥቶ መኝታው ላይ ይጋደማል። ምዕራፍ 2ንና ምዕራፍ 8ን ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። ለልጁ በሕግ ኃላፊ የነበሩት «ጨምሩልኝ አለ» ብለው አሠሩት፤ ከሕግ ውጭ ያሉት ሳይጠይቅ አበሉት። ፌገን ደግ ስለሆነ አይደለም፤ ልጅ ለእሱ የሥራ መሣሪያ ነው። ነገር ግን የተራበ ልጅ ይህን በየት ያውቀዋል? በማግስቱ መሀረብ ከሽማግሌው ኪስ የማውጣት ጨዋታ ሲያይም ኦሊቨር ጨዋታ ነው ብሎ ያምናል፣ ይስቃልም።

እዚህ ላይ የሚሠሩበት አካባቢ ይጠቅምዎታል። ሁለቱ ልጆች በኢዝሊንግተን ኬላ በኩል ሌሊት ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ይገባሉ፤ ከኤንጅል ተነሥተው፣ በሳድለርስ ዌልስ ቲያትር በኩል አልፈው፣ በኤክስማውዝ መንገድ አድርገው ሳፍሮን ሂል ይደርሳሉ። ስሞቹ ዛሬም አሉ፤ አንድ ቅዳሜ መጽሐፉን ይዘው ከኤንጅል ጣቢያ ቁልቁል በእግርዎ ቢወርዱ የልጁን መንገድ ከሞላ ጎደል ይሄዱበታል። ምዕራፍ 8ን ሲያነቡ አንዲት ትንሽ ሐረግ አያምልጥዎ፤ ወደ ፌገን ቤት የሚወስደው ጠባብ መተላለፊያ በአንድ ወርክሀውስ ጎን ያልፋል። ተራኪው ስለዚህ ምንም አስተያየት አይሰጥም።

ወደ ሰዎቹ ስንመጣ፣ ከሁሉ በላይ የምመክርዎ ናንሲን ነው። ምዕራፍ 16 ላይ ኦሊቨር ተጠልፎ ወደ ፌገን ቤት በተመለሰ ጊዜ ፌገን ሊገርፈው ሲል ትከለክላለች፤ ወደ ልጁ እያመለከተች፣ የዚህን ልጅ ዕድሜ ግማሽ እንኳ ሳልሞላ ላንተ ሰርቄያለሁ፣ ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት በዚሁ ሥራ አለሁ ትላለች። ሒሳቡን ይሥሩት። ኦሊቨር ያን ጊዜ አሥር ዓመት ገደማ ነው፤ እሷ ስትጀምር አምስት እንኳ ያልሞላት ሕፃን ነበረች። ምዕራፍ 40 ላይ ደግሞ በምቾት ባደገችው በሮዝ ሜይሊ ፊት ቆማ፣ በልጅነትሽ የሚጠብቁሽና የሚያሳድጉሽ ወዳጆች ስለነበሩሽ፣ እኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ እንደኖርኩት በብርድ፣ በረኃብና በስካር መካከል ስላልኖርሽ ተንበርክከሽ ፈጣሪን አመስግኚ ትላታለች። የኦሊቨር ነገር የድህነትን ኃይል አያሳይም ያሉት እውነት ነው፤ ናንሲ ግን ያ ልጅ ከፌገን ቤት ባይወጣ ኖሮ ሊሆን ይችል የነበረውን ታሳያለች። ልቧ ያልሞተ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል፤ ልጁን አድናው በዚሁ ምክንያት አብራው በምትኖረው ሌባ በቢል ሳይክስ እጅ ትገደላለች።

«የጨዋ ዘር አይበላሽም» የሚለውን ሐሳብ በቀጥታ የሚያፈርሱ ሁለት ልጆችም አሉ፤ አንባቢ ብዙ አያስታውሳቸውም። አንደኛው ቻርሊ ቤትስ ነው፤ ከዶጀር ጋር ኪስ ሲያወልቅ የኖረ፣ ነገሩ ሁሉ ሳቅ የሆነበት ልጅ። ስለ ዘሩ የተነገረን ነገር የለም። ሳይክስ ናንሲን ከገደላት በኋላ ግን ይህ ልጅ ፊት ለፊት ይጋፈጠዋል፣ በመጨረሻም ሌብነትን ትቶ በኖርዝሃምፕተንሺር ከብት አርቢ ይሆናል። ሁለተኛው ኖኣ ክሌይፖል ነው፤ እናትና አባት ያሉት፣ ከኦሊቨር የተሻለ የሚበላ፣ ሆኖም በእሱ ላይ የሚጨክን፣ ቆይቶ የአሠሪውን ገንዘብ አሰርቆ ለንደን የሚገባና ሕፃናት ዕቃ እንዲገዙበት የተሰጣቸውን ሳንቲም የሚነጥቅ። በኦሊቨር ላይ የሚያሤረው የአባቱ ልጅ መንክስማ ጭራሽ የሀብታም ልጅ ነው። እንግዲህ ረኃብ ብቻውን ሌባ አያደርግም፤ ጥጋብም ከሌብነት አያድንም። እርግጥ ስለ ኑዛዜው፣ ስለ ተሰወረው የልደት ምሥጢርና ስለ መንክስ ሤራ የሚተርኩትን ገጾች እኔ ከመጽሐፉ ደካማ ክፍሎች እቆጥራቸዋለሁ፤ በቃልዎ ለመያዝ አይድከሙ። ስለ ዶጀር ግን ምዕራፍ 43ን አይዝለሉ። የሱረት መያዣ ሰርቆ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ኮሚክ ሆኖ ችሎቱን ያላግጥበታል፣ ፍትሕ የሚሸጥበት ሱቅ ይህ አይደለም ይላል፤ ያሥቃል፣ ባሕር ማዶም ይጋዛል። ሙዚቃዊውን የ1968 ፊልም አይተው ከሆነ ይጠንቀቁ፤ እዚያ ዶጀርና ፌገን ተያይዘው ሲሄዱ ይታያል፤ በመጽሐፉ አንዱ ተግዟል፣ ሌላው ተሰቅሏል።

ለመምህሩ ጥያቄ እንግዲህ ይህን የመከራከሪያ ሐሳብ ቢሞክሩት ያዋጣዎታል ብዬ አምናለሁ፤ ልብ ወለዱ ድሃ ሁሉ ሌባ ይሆናል አይልም፤ የሚለው ማኅበረሰቡ ከደጁ ያባረረውን ልጅ ወንጀል በሩን ከፍቶ ይቀበለዋል ነው። «ማኅበረሰቡ» ብለው ብቻ እንዳይተዉት፤ ቦርዱን፣ በምብልን፣ ለእያንዳንዱ ሕፃን በሳምንት ሰባት ፔንስ ተኩል እየተቀበለች አብዛኛውን ኪሷ የምትከተውን ሚሲስ ማንን በስማቸው ይጥሩ። በእሷ እጅ የቀረውንም ዲክን ይጥቀሱ፤ ኦሊቨር ሲጠፋ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ በሕይወቱ የመጀመሪያውን ምርቃት የመረቀው እሱ ነበር። ከኦሊቨር ያላነሰ መልካም ልጅ ነው፤ ኦሊቨር ሲመለስ ግን ሞቶ ይጠብቀዋል።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛ፣ ልብ ወለዱን እንደ ታሪክ ሰነድ አይጥቀሱት፤ በአብዛኛዎቹ ቤቶች የታዘዘው ምግብ ከአጥሚት ሌላ ዳቦ፣ አይብና ጥቂት ሥጋም ነበረበት፣ ዲክንስ አጋንኖታል። ሆኖም በ1845 በአንዶቨር ወርክሀውስ ድሆች ለማዳበሪያ እንዲፈጩ የተሰጣቸውን አጥንት ከረኃብ የተነሣ ሲግጡ መገኘታቸው አገር ያናወጠ ቅሌት ሆኖ ስለነበር፣ ማጋነኑ ከእውነት ብዙ አልራቀም ማለት ይቻላል። ሁለተኛ፣ ዲክንስ በ1824 አባቱ በዕዳ ማርሻልሲ እስር ቤት ሲታሠሩ በአሥራ ሁለት ዓመቱ የጫማ ቀለም ፋብሪካ ውስጥ ጣሳ ላይ ወረቀት ሲለጥፍ መዋሉን ሁሉም ተማሪ ይጽፋል። ይጻፉት፤ ግን የዘመኑ አንባቢ ይህን አያውቅም ነበር። ወዳጁ ጆን ፎርስተር በሕይወት ታሪኩ ለሕዝብ የገለጠው ደራሲው ከሞተ በኋላ ነው። የሚያስገርመው፣ በዚያ ፋብሪካ ለትንሹ ቻርልስ ደግ የነበረው ልጅ ስሙ ቦብ ፌገን መሆኑ ነው።

ይህ ወደ መጨረሻው ጭንቀትዎ ያመጣናል። መክበዱ ተገቢ ነው፣ ከእርስዎ በፊትም ከብዷቸው የተናገሩ ሰው አሉ። የዲክንስን ቤት ከገዛው ሰው ጋር የተጋቡት አይሁዳዊቷ ኤላይዛ ዴቪስ በ1863 ለደራሲው ደብዳቤ ጽፈው፣ በፌገን አማካይነት በሕዝባቸው ላይ በደል መሥራቱን ነገሩት። በመጀመሪያ ራሱን ተከላከለ፤ ሌሎቹ ክፉዎች ክርስቲያኖች ናቸው አለ። ግን ሳይክስንም በምብልንም ተራኪው በየመስመሩ «ክርስቲያኑ» እያለ አይጠራቸውም፤ መልሱ ያለው እዚያ ነው። ደብዳቤው ግን ሳይሠራበት አልቀረም፤ ቀጥሎ በጻፈው ልብ ወለድ ውስጥ ራያ የሚባል መልካም አይሁዳዊ አስገባ፣ በ1867 እትምም በኋለኞቹ ምዕራፎች ያንን መጠሪያ በብዙ ቦታ አውጥቶ በስሙ ተካው። እርስዎም ክፍል ውስጥ ድምፅ ሲያሰሙ «ፌገን» ብለው ቢያነቡ የደራሲውን የራሱን እርማት መከተልዎ ስለሆነ መምህሩን አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ በጽሑፍዎ ግን ጉዳዩን አይሸፍኑት፣ የያዙት ቅጂ የየትኛው እትም እንደሆነም ይግለጹ። ፌገን ጸሎት ሲያደርስ ወይም በዓል ሲያከብር አናይም፤ መጀመሪያ ስናየው የሚጠብሰውም ቋሊማ የአሳማ ሳይሆን አይቀርም። ከሃይማኖቱ የቀረው «አይሁዳዊው» የሚለው መጠሪያ ብቻ ነው፣ የተለጠፈበትም እንድንጠላው ነው።

ለመደምደሚያ አንቀጽዎ አንድ አከራካሪ ነገር ልስጥዎ። በምዕራፍ 53 በምብልና ሚስቱ ሥራቸውን አጥተው፣ ደህይተው፣ ቀድሞ ሌላውን ሲያዙበት በነበረው በዚያው የድሆች ቤት ይገባሉ፤ በምብልም በሕጉ መሠረት ከሚስቱ በመለየቱ ለማመስገን እንኳ ወኔ እንዳጣ ይነገረናል። አንባቢ ይስቃል፣ ተገቢ ቅጣት አገኙም ይላል። ያ ቤት ለኦሊቨር ግፍ ከነበረ ግን ለበምብል እንዴት ፍትሕ ሆነ? ደራሲው ቤቱን አላፈረሰውም፣ ነዋሪውን ብቻ ለወጠ። ይህ የልብ ወለዱ ድካም ነው ወይስ ሆን ተብሎ የተተወ አሽሙር? ሁለቱም ወገን የሚያቀርበው ማስረጃ አለው፤ የትኛውን እንደሚይዙ ከምዕራፍ 2 ጋር እያስተያዩ ይወስኑ።